ሁለት ሞያ በአንድ ጎጆ

በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን የምናቀርብላችሁ ነገር ከሩቅ አገር የሲኒማ ታሪክ ተነሥቶ ወደ ገዛ ቤታችን የሚደርስ ነው። ነገሩም ይህ ነው፤ ባልና ሚስት ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ ሲኖራቸው፣ ሁለቱም በሥራቸው ሲከበሩና ሲፈለጉ፣ ትዳራቸው በምን ይጸናል? ይህ ጥያቄ በታላላቅ ከተሞች ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሽንዲ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ይመልከት። ባል በአንዱ ወረዳ፣ ሚስት በሌላው ወረዳ ተመድበው ጎጆአቸውን በሁለት ከፍለው የሚኖሩ ሰዎች በዚያ ይገኛሉ። ስለዚህ አስቀድመን የሲኒማውን ታሪክ እንተርካለን፤ ከዚያም ታሪኩ ለእኛ አገር የሚጠቅመው በምን በኩል እንደ ሆነ፣ የሚጎድለውም ምን እንደ ሆነ እንመረምራለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ «የዓመቱ ሴት» የሚባል ሲኒማ ለሕዝብ አሳየ። ያን ጊዜ አገራችን ከጠላት ወረራ ነፃ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር፤ አሜሪካም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኗት ነበር። ሲኒማውን የመራው ጆርጅ ስቲቨንስ ሲሆን፣ ድርሰቱን የጻፉት ማይክል ካኒንና ታናሹ ሪንግ ላርድነር ናቸው፤ በዚሁም ድርሰታቸው ኦስካር የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በሚስትነት የተጫወተችው ካትሪን ሄፕበርን፣ በባልነት የተጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ ነው። ድርሰቱን ወደ ኩባንያው ይዛ የሄደችውና ስለ ዋጋው ከኩባንያው አለቃ ከሉዊስ ሜየር ጋር የተከራከረችው ሄፕበርን ራስዋ እንደ ነበረች የታወቀ ነው። እንግዲህ ስለ ባለሥራ ሴት የተጻፈው ታሪክ በአንዲት ባለሥራ ሴት ብልሃት ወደ ሲኒማ መድረሱን ልብ ማለት ይገባል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቴስ ሃርዲንግና ሳም ክሬግ በኒው ዮርክ ለአንድ ጋዜጣ የሚጽፉ ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው። እርስዋ የመንግሥታትን ጉዳይ ትጽፋለች፤ የዲፕሎማት ልጅ ስለ ሆነች አያሌ ቋንቋዎች ታውቃለች፤ ስልክዋም ከመጮኽ አያርፍም። እርሱ ስለ ስፖርት ይጽፋል፤ ወዳጆቹም ቦክሰኞችና የጨዋታ ተመልካቾች ናቸው። አንድ ቀን ቴስ በራዲዮ ስትናገር፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ቤዝቦል የተባለው የአሜሪካኖች የኳስ ጨዋታ ቢቀር ይሻላል አለች። ሳምም ተቆጥቶ በጋዜጣው መለሰላት፤ እርስዋም ዝም አላለችም። የጋዜጣው አለቃ ሁለቱን አስጠርቶ ሊያስታርቃቸው ቢጀምር፣ እርቁ ወደ ፍቅር ተለወጠና ጥቂት ቆይተው ተጋቡ። ሰርጋቸው ግን በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል በጥድፊያ የተፈጸመ ሰርግ ነበር። በሰርጉም ሌሊት ከናዚዎች እጅ ያመለጠ አንድ የዩጎዝላቪያ ታላቅ ሰው ድንገት መጥቶ፣ ሙሽሮቹ ብቻቸውን ሊሆኑ ሲያስቡ ቤታቸው በእንግዳ ተሞላ።

ከዚያ በኋላ ሳም በሚስቱ ቤት ገብቶ ሲኖር፣ በገዛ ትዳሩ እንደ እንግዳ የሚቆጠር ሆነ። የሚስቱን ቀን የሚያውቀው ጸሐፊዋ ነው፤ ባልየው የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። አንድ ቀን ቴስ ልጅ ቢኖረን ምን ይመስልሃል ብላ ጠየቀችው። እርሱም ሚስቴ ጸነሰችልኝ ብሎ ደስታው ወሰን ሲያጣ፣ ያመጣችለት ግን ከጦርነት የተረፈ አንድ የግሪክ ስደተኛ ልጅ ነበር፤ ያለ ባልዋ ምክር ወስዳው ኖሯል። ጥቂት ቆይቶ ቴስ «የዓመቱ ሴት» ተብላ ልትሸለም ተጠራች። በሽልማቱ ምሽት ልጁን ብቻውን ትተን እንሂድ ስትል፣ ሳም አልሄድም ብሎ ቀረ፤ ልጁንም ወደ ነበረበት የሕፃናት ማሳደጊያ መልሶ አስረከበ፤ እርሱም ከቤት ወጣ። ሕዝብ የዓመቱ ሴት ያላት ወይዘሮ ከጭብጨባው ስትመለስ ባልም ልጅም የሌለበት ባዶ ቤት ጠበቃት።

ፍጻሜው በወጥ ቤት ውስጥ ነው። አባትዋ በእርጅና ዘመኑ ሲያገባ ቴስ የሰርጉን ቃል ኪዳን ሰምታ አለቀሰች፤ በማለዳም ወደ ሳም ቤት ገሥግሣ እርሱ በተኛበት ቁርስ ልትሠራለት ጀመረች። ቡናው ገንፍሎ ይፈሳል፤ ዋፍል የሚባለው የፈረንጅ ቂጣ ሊጡ ያለ ልክ ኩፍ ብሎ ከመጋገሪያው ይወጣል፤ የዳቦ መጥበሻውም ዳቦውን ወደ ላይ ያስፈነጥራል። ተመልካች ሁሉ ይስቃል። ሳምም ነቅቶ ጥቂት ካያት በኋላ፣ የባልዋን ስም ብቻ ይዛ ቤት የምትቀመጥ ሚስት እንድትሆን እንደማይፈልግ፣ ደግሞም ትዳር እንደሌላት ሆና እንድትኖር እንደማይወድ ነገራት፤ የአባትዋንና የባልዋን ስም አስተባብራ ብትይዝ እንደሚበቃው አስረዳት። ያን ጊዜ ጸሐፊዋ አዲስ የጦር መርከብ የምትመርቅበት የሻምፓኝ ጠርሙስ ይዞ ሊወስዳት ቢመጣ፣ ሳም ወደ ውጭ ይዞት ወጥቶ በዚያው ጠርሙስ ራሱን መታው። ታሪኩ በዚህ ሳቅ ያልቃል።

እኛ ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር እንጠይቃለን። በቋንቋችን «ሞያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው አንድ ሰው ተምሮ ወይም ሠልጥኖ የሚኖርበት ሥራ ነው፤ የሐኪም ሞያ፣ የመምህር ሞያ እንደምንል ማለት ነው። ሁለተኛው የወጥ ቤት ብልሃት ነው፤ «ሞያ ያላት ሴት» ስንል ወጥዋ የሚጥም፣ እንጀራዋ ዓይኑ ያማረ፣ ጠላዋ የነጠረ ማለታችን ነው። የአሜሪካኑ ሲኒማ ሳያውቀው የቆመው በዚህ በአንዱ ቃል በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ነው። ቴስ በመጀመሪያው ሞያዋ ዓለም ያወቃት ሴት ናት፤ በሁለተኛው ሞያ ግን ቁርስ መሥራት እንኳ አልቻለችም፤ ስለዚህ ተሳቀባት። ሳምስ ቁርስ መሥራት ይችል ነበርን? ይህን ሲኒማው ከቶ አልጠየቀም። ወንድ ልጅ በአንድ ሞያ ብቻ ይፈተናል፤ ሴት ልጅ ግን በሁለት።

ይህ የወጥ ቤት ፍጻሜ ከመጀመሪያው በድርሰቱ የነበረ አይደለም። የፊተኛው ፍጻሜ ሌላ ነበር፤ ሲኒማው ለሙከራ ለተመልካቾች ከታየ በኋላ ግን የኩባንያው ሰዎች ሚስቲቱ በወጥ ቤት ተሸንፋ የምትታይበትን ትርኢት በሌላ ጸሐፊ አስጽፈው ጨመሩበት። የመጀመሪያዎቹ ደራሲዎች በዚህ አልተደሰቱም። ነገሩም ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ያለችው አሜሪካ በአደባባይ የምትናገር ሴት ማየት ትወድ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ቤትዋ ስትመለስ ጥቂት ቀጣት እንዲያገኛት ትፈልግ ነበር።

ይሁን እንጂ ቴስን ነፃ አውጥተን ጥፋቱን ሁሉ በወንዶቹ ላይ አንጥልም። ሕፃንን የሚያህል ነገር ያለ ባል ምክር ወደ ቤት ማምጣት ታላቅ ጥፋት ነው፤ ያመጡትንም ሕፃን ለአንድ ሌሊት ክብር ብቻውን መተው ከዚያ የባሰ ነው። ነገር ግን በዚያው መስፈሪያ ሳምን ብንሰፍረው፣ እርሱም ያንን ልጅ ሲመልስ ከሚስቱ ጋር አልተማከረም። እርስዋ ብቻዋን አመጣች፤ እርሱ ብቻውን መለሰ። ከሁለቱም ደግሞ ልጁን የጠየቀው የለም። እንግዲህ የዚያን ቤት ምሰሶ የነቀለው የሚስቲቱ ሥራ ወይም የባልየው ቅናት ብቻ አይደለም፤ ሁለት አዋቂዎች እያንዳንዳቸው በየሥራቸው መወሰን ለምደው በቤታቸውም ለየብቻቸው መወሰናቸው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ነገርም በዚህ ላይ ይቆማል፤ ትዳርን የሚያፈርሰው የሥራ ሁለት መሆን አይደለም፤ የምክር አንድ አለመሆን ነው።

ከሲኒማው ውጭ ያለው የተጫዋቾቹ ኑሮም የሚያስገርም ነው። ሄፕበርንና ትሬሲ በዚህ ሥራ ከተገናኙ በኋላ፣ ትሬሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 እስኪሞት ድረስ ሳይለያዩ ኖረዋል፤ በጠቅላላውም ዘጠኝ ሲኒማዎች አብረው ሠርተዋል። ከነዚህም አንዱ በ1949 የወጣው ባልና ሚስት ጠበቆች በአንድ ችሎት ተቃራኒ ሆነው የሚሟገቱበት «የአዳም ጎድን» ነው። ነገር ግን ትሬሲ ሚስት ያለው ሰው ስለ ነበረና ስላልፈታ፣ ለዓለም ስለ ትዳር በሲኒማ ያስተማሩት ሁለቱ ከቶ አልተጋቡም። ትሬሲ በመጨረሻው ዘመኑ ሲታመም ሄፕበርን ለጥቂት ዓመታት ከሲኒማ ሥራ ርቃ አስታመመችው፤ እርሱም ከመሞቱ በፊት የመጨረሻውን ሲኒማ አብረው ሠሩ። በሲኒማው ሚስቲቱን ዝቅ ያደረጋት የወጥ ቤት ሳቅ ነበር፤ በኑሮ ግን ሥራዋን ለጊዜው ያቆመችው ማንም ሳያስገድዳት ነው። በፈቃድ የተተወና በግድ የተተወ ሥራ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጎጃም ገጠር «ሁለት ሞያ በአንድ ጎጆ» የሚለው ነገር ዛሬ የመጣ ደራሽ አይደለም። አባት በሞፈርና በቀንበር ያርሳል፤ እናት ታርማለች፣ በአጨዳ ጊዜ ትረዳለች፣ ትፈትላለች፣ ትጠምቃለች፣ ትጋግራለች፣ ወንዝ ወርዳ ውኃ ትቀዳለች። በልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም፤ ወንድም እንጀራ አይጋግርም። ስለዚህ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ እርሻው ይታወካል፤ ባልዋ የሞተባት ሴትም ማሳዋን ለእኩል አራሽ ለመስጠት ትገደዳለች። አንዱ ሥራ የሌላውን ሥራ ይደግፋል እንጂ አይሻማም። ሁለቱም የሚውሉት በአንድ ቀዬ ነው፤ ማታ የሚመለሱትም ወደ አንድ ምድጃ ነው።

ሆኖም በዚያ ዘመን እንኳ ባልና ሚስትን የሚያማክር አንድ ትልቅ ነገር ነበረ፤ እርሱም ርስት ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የጎጃምን የርስት ሥርዓት አጥንቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ሥርዓት ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድምዋ ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። አንድ ሰው ሲያገባ የሚስቱን ርስት በሚስቱ ስም፣ የራሱን ርስት በራሱ ስም ይከራከርበት ነበር። እንግዲህ ባልና ሚስት የባልን ርስት ይዘው ከባል ዘመዶች ዘንድ ይቀመጡ ወይስ የሚስትን ርስት ይዘው ወደ ሚስት አገር ይሂዱ የሚለው ጥያቄ ምክር የሚሻ ጥያቄ ነበር። ብዙ ጊዜ ወደ ባል አገር ቢያደላም፣ የሚስት ርስት የተሻለ ሲሆን ወደዚያ የሚሄዱ ነበሩ። በሰማንያ ጋብቻም ሽማግሎች ባሉበት የእያንዳንዱ ገንዘብ ይቆጠራል፤ ይዛ የገባችው የእርስዋ፣ ይዞ የገባው የእርሱ፣ አብረው ያፈሩት የሁለቱም መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ የምናየው፣ አባቶቻችን የሁለት ሰው ሀብት በአንድ ቤት ሲገባ አስቀድሞ መነጋገር እንደሚገባ ያውቁ እንደ ነበር ነው። የዛሬው ሰው ርስቱ ደመወዙና የትምህርት ማስረጃው ሆነ፤ ምክሩ ግን ከርስቱ ጋር አብሮ አልተሻገረም።

በሕጋችንም የሆነውን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር፤ የጋራ መኖሪያቸውንም የመምረጥ ሥልጣን ለባል ሰጥቶ ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት ነበር። ስለ ውጭ ሥራም አንደኛው ተጋቢ ለቤቱ ጥቅም ሲባል የሌላውን ሥራ ሊቃወም እንዲችል ፈቅዶ ነበር። የዚህ አንቀጽ ቃል ለሁለቱም እኩል ቢመስልም፣ አለቃው ባል ከሆነ ዘንድ ተቃውሞው ወደ ማን እንደሚያደላ ማንም አይስተውም። ይህ ሁሉ በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተለውጧል። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በማስተዳደር እኩል መብት አላቸው፤ የሚኖሩበትንም ስፍራ በስምምነት ይመርጣሉ፤ ቢስማሙም ለጊዜው ተለያይተው ለመኖር ይችላሉ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ።

ሕግ በወረቀት የሚቀር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሜሪ ሃልዋርድ ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሕጉ አስቀድሞ የጸናባቸውን ክልሎች ከሌሎቹ ጋር አስተያይተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ውጤቱን አሳትመዋል። አስቀድሞ በጸናባቸው ስፍራዎች፣ የአማራ ክልልም ከነዚህ አንዱ ነው፣ ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ ሥራ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅ ሥራና ከፍ ያለ ችሎታ በሚጠይቅ ሥራ ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል። እንግዲህ ሕጉ በሩን ከፍቷል ማለት ነው። በሩ ሲከፈት ግን ቤቱን ማን እንደሚጠብቅ ሕጉ አይናገርም፤ ያ የባልና የሚስት ምክር ነው።

ሽንዲ የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ በቆሎና በርበሬ የሚያበቅል ለም አገር ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚመጣው ዋናው መንገድ ግን በሽንዲ አያልፍም፤ ወደ ሽንዲ የሚሄድ ሰው ከቡሬ ተለይቶ መሄድ ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባል የእርሻ ባለሞያ ሆኖ በሽንዲ ሲመደብ፣ ሚስት ደግሞ አዋላጅ ነርስ ሆና በፍኖተ ሰላም ስትመደብ ምን ይሆናል ብለን እናስብ። እርሱ ዝናም በመጣ ጊዜ ከገበሬው ሊለይ አይችልም፤ እርስዋ ምጥ የያዛትን ሴት ነገ ነይ አትላትም። የትዳር ማስረጃ አያይዞ የዝውውር ማመልከቻ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ ቦታ እስኪገኝ ድረስ ግን ዓመት ሊያልፍ ይችላል። በክልሉ ውጊያ ከተስፋፋበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንገድ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ እየሆነ፣ ቅዳሜ ሄዶ ሰኞ መመለስ እንኳ የማይታመን ነገር ሆነ። በሲኒማው ቴስንና ሳምን የለያቸው በአንድ ቤት ውስጥ የተሠራ ግንብ ነበር፤ በእኛ አገር ግንቡ መንገድ ነው።

በአንድ ከተማ አብረው ለሚኖሩትም ሌላ ፈተና አለ። ሁለቱም በማለዳ ወደ ሥራ ሲወጡ የቤቱ ሥራ አብሮ አይወጣም። ሕፃኑ ይጠበቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ውኃው ይቀዳል፤ ልብሱ ይታጠባል። እኛ ይህን ሦስተኛው ሥራ ብለን እንጠራዋለን፤ ከባል ሥራና ከሚስት ሥራ ሌላ ደመወዝ የማይከፈልበት፣ በማመልከቻም የማይጻፍ ሦስተኛ ሥራ ነውና። ማታ ሁለቱም ደክመው ሲመለሱ፣ ባል ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፤ ሚስት ግን ሁለተኛውን ቀንዋን ትጀምራለች። ደመወዛቸው እኩል ቢሆን ድካማቸው እኩል አይደለም። ብዙ ጊዜም ይህ ሦስተኛ ሥራ ከገጠር በመጣች በአንዲት ልጅ እግር ዘመድ ወይም ሠራተኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ያች ልጅ ማታ ትማር ዘንድ ጊዜ ካልተሰጣት፣ የእመቤትዋ ሞያ የቆመው በእርስዋ ትምህርት ላይ ነው ማለት ነው። በቴስ ወጥ ቤት የሳቀ ሰው በራሱ ወጥ ቤት ማን እንደ ቆመ ይይ።

በአገራችን ሁለት ሞያ ይዘው የተጋቡ ዝነኞችም አሉ። አትሌት ጥሩነሽ ዲባባና አትሌት ስለሺ ስኅን በጥቅምት 2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጋቡ። ከሰርጋቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በቤይጂንግ ኦሊምፒክ እርስዋ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ፣ እርሱ በ10,000 ሜትር ብር አግኝተው ነበር። እንግዲህ ከባልዋ ሽልማት የሚስት ሽልማት በልጦ የተጀመረ ትዳር ነው። እርስዋም ከጋብቻ በኋላ በለንደን በ2004 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ደግማ ወርቅ አገኘች፤ ከወለደችም በኋላ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ነሐስ አገኘች። በቤታቸው ውስጥ ያለውን እኛ አንገባበትም፤ በአደባባይ የታየው ግን ጋብቻና ልጅ የሴትን ሩጫ የግድ እንደማያስቆሙ ያስረዳል። ሆሊውድ በ1929 ዓ.ም. ባወጣው «ኮከብ ተወለደች» በተባለ ሌላ ሲኒማ የሚስቱ ዝና ከእርሱ ዝና ሲበልጥ አይቶ ራሱን በባሕር ያሰጠመ ባል አሳይቶ ነበር። የሚስት ከፍታ የባል ዝቅታ ነው የሚለው ሐሳብ ግን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የሰው ልብ ሚዛን ነው፤ ሚዛንም ይስተካከላል።

ምክራችንን በሦስት ነገር እንጠቀልላለን። ፊተኛው፣ ሽማግሎች «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው በሄዱ ጊዜ የዘርና የገንዘብ ነገር እንደሚነሣ ሁሉ የሥራም ነገር ይነሣ። ወዴት ይኖራሉ? ከሁለቱ አንዱ ቢዛወር ማን ይከተላል? ትምህርትዋን ብትቀጥል ማን ይደግፋል? ከሰርግ በፊት ያልተነገረ ነገር ከሰርግ በኋላ ክርክር ይሆናል። ዱሮ ለርስት የተደረገው ምክር ዛሬ ለደመወዝና ለትምህርት ይደረግ። ምናልባት በአምስት ዓመት የአንዱ ሥራ ይቀድማል፤ በሚቀጥለው አምስት ዓመት የሌላው ይቀድማል። ዋናው ነገር ተራው መታወቁ ነው፤ ተራ የሌለው መስዋዕትነት ቂም ይወልዳልና።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሥራ ይቆጠር። ባልና ሚስት በአንድ ምሽት ተቀምጠው ቤታቸው በሳምንት የሚፈልገውን ሥራ በወረቀት ላይ ቢጽፉና ማን እንደሚሠራው ቢያስቀምጡ፣ ብዙ ባል ያላየውን ያያል። ሕፃን ይዞ የሚታይ፣ ውኃ የሚያሞቅ ወይም ወጥ የሚያማስል ወንድ ክብሩ አይጎድልም። ዘመቻ የሄደ ወታደርና ቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ ለራሱ ሲያበስል ኖሯል፤ ማንም ሴት ሆነ ብሎ አልሰደበውም። በዘመቻና በትምህርት ቤት የተፈቀደው በገዛ ቤት ስለ ምን ነውር ይሆናል? ለሠራተኛይቱም ልጅ የትምህርት ሰዓትዋና ደመወዝዋ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ሦስተኛው ምክር ብዕር በእጃቸው ላለ ለክቡራን ሹማምንት ነው። በጠረጴዛችሁ ላይ የምትቀመጠው የዝውውር ማመልከቻ አንዲት ወረቀት ትመስላለች፤ ከበስተጀርባዋ ግን ሁለት ምድጃ፣ የሁለት ቤት ኪራይና አባቱን በሳምንት አንድ ቀን የሚያይ ሕፃን አለ። አንድ ባለሞያ ትዳሩ ከፈረሰ ሥራውም አይሰምርም፤ ስለዚህ ባልና ሚስትን በአንድ ወረዳ ወይም በተቀራረቡ ወረዳዎች መመደብ ለሠራተኛው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፣ ለመንግሥት ሥራም ጥቅም ነው። የሽንዲ ትምህርት ቤት ጥሩ መምህር፣ የቡሬ ጤና ጣቢያም ጥሩ አዋላጅ የሚያገኙት፣ መምህሩና አዋላጅዋ ማታ የሚገናኙበት ቤት ሲኖራቸው ነው።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ሁለት ሞያ ያለበት ቤት ሁለት ባላ የተተከለለት ቤት ነው፤ ድርቅ ቢመጣ፣ በሽታ ቢመጣ፣ አንዱ ከሥራ ቢወጣ ሌላው ይሸከማል። ነገር ግን ባላዎቹ የሚተከሉት በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ የት እንደሚተከሉም አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል። ለዚህ ምክር በየቤቱ አንድ ምሽት ይበቃል፤ ያን ምሽት ለነገ የሚያሳድር ሰው አይኑር።